የክበባችሁን አባላት በየትኛው መንገድ ታበዛላችሁ? ለጎጃም ከተሞች የንጽጽር መመሪያ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬም ሆነ በሞጣ፣ የበጎ አድራጎት ክበብ የሚመሩ ሰዎች ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አንድ አጀንዳ ይይዛሉ፤ አባላትን ማብዛት። ስብሰባው ሲጀመር አንዱ ባነር እናሠራ ይላል፤ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሄደን እንቀስቅስ ይላል፤ ሦስተኛው እያንዳንዱ አባል ሁለት ሁለት ሰው ያምጣ ይላል። ጸሐፊው ሦስቱንም በቃለ ጉባኤ ያሰፍራል፤ ሦስቱም ይጀመራሉ፤ አንዱም አያልቅም። እነዚህ መንገዶች ግን የሚያመጡት ሰው የተለያየ ነው፤ የሚጠይቁት ወጪና ድካምም እንዲሁ። አንዱን አጥብቆ ለመያዝ ሌላውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት መተው ግድ ይላል።

የትኛውን እንደማደላ ከመጀመሪያው ልናገር። አዲስ አባል የሚጸናው በገባ በሁለት ወር ውስጥ በእጁ የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ነው። ስለዚህ መንገዶቹን የምመዝነው ስንት ሰው ያመጣሉ ብዬ ሳይሆን፣ ለሚመጣው ሰው ሥራ ለማዘጋጀት ጊዜ ይሰጣሉ ወይ ብዬ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በየአባላት መቀበያው ንግግር ሲጠቀስ እንሰማለን። ጌጥ የሚሆነው ግን ሎሚው ለሃምሳው ሁሉ ሲዳረስ ነው። በብዙ ክበቦች ሎሚውን ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ታቅፈውታል፤ የቀረው ሰው ቆሞ ያያል፤ ሲሰለቸው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

መጀመሪያ የወጡትን ቁጠሩ

ያለፉትን ሦስት ዓመታት መዝገብ አውጡ። ስንት ሰው እንደገባ ሁሉም ያውቃል፤ ስንት እንደወጣ የሚያውቅ ግን ብዙ የለም። ከክበብ የሚወጣ ሰው የመልቀቂያ ደብዳቤ አይጽፍም፤ አንድ ስብሰባ ይቀራል፣ ሁለተኛውን ይቀራል፣ በቃ። ስሙ ግን መዝገቡ ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ በሪፖርትም ውስጥ እንደ አባል ይቆጠራል።

እንበል ክበባችሁ 24 አባላት አሉት፤ በየዓመቱ 6 ሰው ይቀራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ 30 መድረስ ትፈልጋላችሁ። ላይ ላዩን ሲታይ የጎደለው 6 ሰው ነው። ነገር ግን በሁለቱ ዓመታት 12 ሰው ይወጣል፤ ስለዚህ ከአዲሶቹ አንድም ባይቀር እንኳ 18 ሰው ማስገባት ይኖርባችኋል። የሚወጡትን በዓመት ወደ 3 ዝቅ ብታደርጉ ደግሞ 12 ሰው ይበቃችኋል። ልዩነቱ ስድስት ሰው ነው። ስድስት የምታውቁትን ሰው ማቆየትና ስድስት የማታውቁትን ሰው ፈልጎ፣ አሳምኖ፣ ሥራ አስተምሮ ማስገባት ድካማቸው እኩል አይደለም።

የወጡበትን ምክንያት ማወቅ ግን ቀላል አይደለም። ይሉኝታ አለ። የቀረውን ሰው ሰብሳቢው ደውሎ ቢጠይቀው «ሥራ በዛብኝ» ይላል፤ ሊያስቀይም አይፈልግም። ስለዚህ ሰብሳቢውን ሳይሆን ያንን ሰው መጀመሪያ ወደ ክበቡ ያመጣውን አባል ላኩ፤ ቢሮ ሳይሆን ቡና ላይ ይጠይቀው። መልሶቹ አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው፤ ዝውውር፣ የመዋጮ ክብደት፣ ከአንድ ሰው ጋር መቀያየም፣ የሚሠራ ነገር ማጣት። ዝውውር የማንም ጥፋት አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ እንጅባራ ለተዛወረ መምህር የምስጋናና የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ብትሰጡት፣ በሄደበት ከተማ ላለው ክበብ ዝግጁ አባል ሰጣችሁ ማለት ነው፤ ወይም ወደፊት ለምትከፍቱት ቅርንጫፍ የመጀመሪያውን ሰው አገኛችሁ። የቀሩት ሦስቱ ምክንያቶች በእናንተ እጅ ያሉ ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው የወጣው «የሚሠራ ነገር አጥቼ» ብሎ ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ለጊዜው አቆዩአቸውና የሥራ ክፍፍላችሁን አስተካክሉ።

በሰው መጥራት፣ ዘመቻና ኮታ

በዓለም ላይ የታወቁት የአገልግሎት ክበቦች የተጀመሩት በሰው በመጥራት ነው። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ በ1905 (እ.ኤ.አ.) በቺካጎ ሮታሪን ሲጀምር አብረውት የተቀመጡት ሦስት የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። በ1917 (እ.ኤ.አ.) በዚያው ከተማ ሜልቪን ጆንስ ላየንስን የመሠረተው ቀድሞ የነበሩ የነጋዴ ክበቦችን በማሰባሰብ ነው። የጥንቱ ሮታሪ ከእያንዳንዱ ሙያ አንድ ሰው ብቻ የመቀበል ልማድ ነበረው። ልማዱ ከጊዜ በኋላ ላልቷል፤ እንደ መፈለጊያ ዘዴ ግን ዛሬም ይጠቅማል። በከተማችሁ ያሉትን ሙያዎች ጻፉ፤ ፋርማሲስት፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ጠበቃ፣ የመኪና መካኒክ፣ አዋላጅ ነርስ፣ የግብርና ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ የእህል ነጋዴ፣ ፎቶ አንሺ። ከዚያ በክበባችሁ የሌለውን ሙያ ምረጡና ያንን ሰው ፈልጉ። መካኒክ የሌለው ክበብ የትምህርት ቤት የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ ገንዘብ ያዋጣል፤ መካኒክ ያለው ይጠግነዋል።

በሰው የመጥራት ትልቁ ጥቅም ሰውዬው ከመግባቱ በፊት የሚሠራው ሥራ መታወቁ ነው። «አባል ሁን» ከማለት ይልቅ «የአረጋውያን ቤት ጥገና ላይ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ያስፈልገናል፤ አንተ ዋጋውን ታውቃለህ» ሲባል መልሱ ሌላ ነው። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ሰው የሚጠራው የሚመስለውን ነው። መምህር መምህር ያመጣል፤ የአንድ ሰፈር ሰው የዚያው ሰፈር ሰው ያመጣል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክበቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ወይም የአንድ እድር ቅርንጫፍ ይመስላል፤ እዚያ የተነሣ ጠብ ክበቡንም ይዞት ይሄዳል። የሙያ ዝርዝሩን ያነሣሁት ለዚህ ነው።

ዘመቻ ሌላ ጠባይ አለው። ችግኝ መትከል፣ የከተማ ጽዳት፣ የክረምት በጎ ፈቃድ፣ ደም ልገሳ በአንድ ቀን ብዙ ሰው ያሰባስባሉ። ነገር ግን የሚያስገኙት የስም ዝርዝር ነው፤ አባል አይደለም። ይህንን ልዩነት የማያይ ክበብ በሐምሌ ብዙ ስም መዝግቦ በመስከረም ባዶ አዳራሽ ያገኛል። ዘመቻዎችም እኩል አይደሉም። ለአባል ማፈላለጊያ እኔ ደም ልገሳን ከችግኝ ተከላ አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱ ደም የሰጠ ጤነኛ ሰው ከሦስት ወር በኋላ እንደገና መስጠት ስለሚችል ነው። የሚመለስበት ቀን አብሮት ተፈጥሯል። በመስከረም የሰጠ በታኅሣሥ ይጠራል፤ በመጋቢት ይጠራል፤ ሦስት ጊዜ የመጣ ሰው እየተለመነ ሳይሆን እየለመደ አባል ይሆናል። ችግኝ የተከለ ሰው ግን በሐምሌ ተክሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሄዳል፤ በጥር ችግኙን ውኃ ለማጠጣት የሚጠራው ከሌለ ክበቡም ችግኙም ይረሳሉ። የችግኝ ተከላን ወደ አባልነት መንገድ መቀየር የሚቻለው ሰው ሁሉ የሚንከባከበው የተወሰነ ቦታ በስሙ ሲሰጠውና በበጋ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲጠራ ነው።

«እያንዳንዱ ሁለት ሰው ያምጣ» የሚለውን ኮታ በተመለከተ አጭር እሆናለሁ፤ ተዉት። ኮታ ሲሰጠው ሰው የአክስቱን ልጅ ይጽፋል።

ማንን?

የክበብ መሪዎች «ወጣት ያስፈልገናል» ማለት ይወዳሉ። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ተጠይቆ አይታወቅም። በጎጃም ከተሞች አባል ሊሆን የሚችለው ሰው በጥቅሉ አምስት ዓይነት ነው፤ ሁሉም የሚሰጠውም የሚያጎድለውም አለው።

ተማሪዎች ጉልበትና ጊዜ አላቸው። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ቁጥራቸው ብዙ ነው። ሆኖም ተማሪ ከአራት አምስት ዓመት በላይ አይቆይም፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ወደ ቤተሰቡ ይሄዳል። ስለዚህ ተማሪን የዋናው ክበብ ቁጥር መሙያ አድርጎ ማስገባት በየዓመቱ በሰኔ የሚፈስ ጋን መሙላት ይሆናል። የተሻለው የራሳቸውን ክበብ ማቋቋም ነው። ሮታሪ ለዚህ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ ታዳጊዎች ኢንተራክት፣ ለጎልማሳ ወጣቶች ሮታራክት አለው፤ ላየንስ ደግሞ ሊዮ የሚባል አለው። ሮታራክት ቀድሞ የነበረውን የ30 ዓመት ጣሪያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) አንሥቷል። ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር የማትገናኙ ብትሆኑም ሐሳቡን መውሰድ ትችላላችሁ፤ ተማሪዎቹ የራሳቸው ሰብሳቢ፣ የራሳቸው ዕቅድ ይኑራቸው፤ ዋናው ክበብ አንድ አማካሪ ይስጣቸው። ሲመረቁ የት እንደሄዱ የሚከታተል ሰው ግን መድቡ። ያኔ ቡሬ ወይም ደጀን ሥራ የያዘው ልጅ ይጠፋባችኋል ማለት አይደለም።

የመንግሥት ሠራተኛው፣ በተለይ መምህሩና የጤና ባለሙያው፣ የብዙ ክበብ አከርካሪ ነው። ስብሰባ ያውቃል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ችግሩ ዝውውር ነው፤ መዋጮ ሲጨምር ቀድሞ የሚያነክሰውም እሱ ነው።

ነጋዴው ገንዘብና መኪና አለው፤ ጊዜ የለውም። የእህል ነጋዴ ጤፍ ከአውድማ ወጥቶ ገበያው በሚሞቅበት ወቅት ስብሰባ ላይ አይገኝም፤ ይህንን እንደ ንቀት መቁጠር ስህተት ነው። ለነጋዴ ሳምንታዊ ስብሰባ ሳይሆን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ሥራ ስጡት፤ «በግንቦት የትምህርት ቤት ዴስክ የሚጫንበትን መኪና አንተ ታቀርባለህ» ይበቃዋል።

ጡረተኞችን ብዙ ክበብ ይረሳቸዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምሄደው ወደ እነርሱ ነው። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል፤ ብዙው ገና ጤነኛ ነው። አይዛወርም። ቀበሌውን፣ እድሩን፣ ደብሩን ያውቃል፤ ያስታርቃል። አንድ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ክበብ ውስጥ ሲኖሩ የወላጆች ስብሰባ የሚጠራበት መንገድ ይለወጣል። በሌላ በኩል ጋሼና እትዬ የሚባሉ ሰዎች በበዙበት ስብሰባ ላይ ወጣቱ አፍ አውጥቶ አይከራከርም። መፍትሔው ጡረተኞችን መቀነስ ሳይሆን፣ ሐሳብ ሲሰበሰብ ከታናሹ መጀመር ነው፤ ታላላቆቹ አስቀድመው ከተናገሩ ጨዋታው ያበቃል።

ሴቶችን በተመለከተ ጥያቄው የፈቃድ አይደለም፤ የሰዓት ነው። ሮታሪ ሴቶችን በዓለም ደረጃ በአባልነት የተቀበለው በ1989 (እ.ኤ.አ.)፣ ላየንስ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ያ በር ከተከፈተ ቆይቷል። ነገር ግን ስብሰባችሁ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በሆቴል ከሆነ፣ በተለይ መጠጥ በሚሸጥበት ቤት ከሆነ፣ በደንባችሁ ላይ ያልጻፋችሁትን ክልከላ በሰዓታችሁ ጽፋችኋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ልጅ ይዞ መምጣት በሚቻልበት ሁኔታ ለሦስት ወር ሞክሩትና የሚመጡትን ቁጠሩ። ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ያላቸው አባላት ቀኑ እንዳይጋጭባቸው ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ስድስተኛ ልላቸው የምችለው ከጎጃም ርቀው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖሩ ተወላጆች ናቸው። የክብር ወይም የተባባሪ አባልነት ስጧቸው፤ ድምፅ አትስጧቸው። ገንዘብ የሚልክና በቦታው የሌለ ሰው ድምፅ ሲኖረው፣ በቦታው ያለው ሰው ተላላኪ ይሆናል።

አንድ ትልቅ ክበብ ወይስ ቅርንጫፍ?

ክበቡ 40 ሰው ገደማ ሲደርስ ሌላ ምርጫ ይመጣል። እዚያው ማስፋት ወይስ በአጠገብ ባለ ከተማ ሌላ መክፈት?

ትልቅ ክበብ ትልልቅ ሥራ መያዝ ይችላል፤ አንድ ኮሚቴ ሲደክም ሌላው ይነሣል። ሰው ሲበዛ ግን «እኔ ባልሄድም ሌላ ይሄዳል» የሚል ዝምታ ይገባል። የመገኘት ልማዳችሁን ተመልከቱ፤ 40 አባል ኖሯችሁ 14 ሰው ብቻ የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ክበባችሁ 14 ሰው ነው።

ቅርንጫፍን በተመለከተ የዓለም አቀፎቹ ልኬት ጥሩ መነሻ ነው። በሮታሪ አዲስ ክበብ ለመመሥረት 20 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ ሳተላይት የሚባለው ተጠጊ ክበብ ግን በ8 ሰው ይጀመራል። የተጠጊው አባላት በሕግ የዋናው ክበብ አባላት ናቸው፤ ነገር ግን የራሳቸውን ስብሰባ ያደርጋሉ፣ የራሳቸውን ሰብሳቢ ይመርጣሉ። በላየንስም ሙሉ ክበብ 20 ሰው ሲፈልግ ቅርንጫፍ በ5 ሰው ይቆማል። ይህ ለጎጃም ከተሞች አሰፋፈር የተመቸ ነው። መርዓዊ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደምበጫ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም መካከል በዋናው መንገድ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ከተማ 20 ቋሚ ሰው በአንድ ጊዜ ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል፤ 8 ሰው ግን ይገኛል። ከዚህም ሌላ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ መሄድ የነበረባቸው አባላት ተቆርጠው ቀርተዋል። በየከተማው ራሱን ችሎ መሰብሰብ የሚችል ትንሽ ቡድን ያለው ክበብ እንዲህ ባለ ጊዜ አይበተንም። የስልክ ጥሪ ሰንሰለትም አዘጋጁ፤ አንዱ ለሦስት፣ ሦስቱ ለሦስት ሦስት ይደውላሉ፤ ቴሌግራም ባይኖርም መልእክት ይደርሳል።

የቅርንጫፍ አደጋው አንድ ነው፤ ብርቱዎቹ ሰዎች ሁሉ ወደ አዲሱ ይሄዳሉ። ከዋናው ክበብ ከሁለት ሰው በላይ ለማቋቋሚያ አትስጡ።

ከዓለም አቀፍ ድርጅት ጋር ወይስ ራስን ችሎ?

ይህ ከሁሉም በላይ ስሜት የሚነካ ምርጫ ነው፤ አርማና የደረት ፒን ሰው ይስባሉ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ሮታሪ በኢትዮጵያ ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፖሊዮ ክትባትን ዋና ሥራው አድርጓል፤ አፍሪካ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ የታወጀው በነሐሴ 2012 ነው። ላየንስ የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ካቋቋሙት ከካርተር ማዕከል ጋር በአማራ ክልል ትራኮማ የተባለውን የዓይን በሽታ ለመከላከል ሠርቷል። አንድ ሰው «እኔም የዚህ አካል ነኝ» ብሎ ለመግባት እንዲህ ያለ ታሪክ ይገፋፋዋል። ልምድ መለዋወጥ፣ የፕሮጀክት ድጋፍ መጠየቅ፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረን አባል መቀበልም ይቀላል።

ወጪው ግን በዶላር ይተመናል። ይህንን ለአባላት በግልጽ አለመንገር የብዙ ክበብ መፍረስ መጀመሪያ ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዓመት መዋጮ 50 ዶላር ነው ብንል፣ 2,850 ብር የነበረው ከ5,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። የመምህሩ ደመወዝ በዚያው ልክ አላደገም። ሮታራክት በ2022 (እ.ኤ.አ.) መዋጮ ሲጀምር ለዩኒቨርሲቲ ክበብ አባል 5 ዶላር፣ ለከተማ ክበብ አባል 8 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ በወጣቶች መጀመር ለኪስ ይቀላል። ሌላው ልታውቁት የሚገባው የሮታሪ ሒሳብ የሚቆረጠው በጁላይ 1 እና በጃንዋሪ 1 በመዝገብ ላይ ባለው አባል ቁጥር ነው፤ በእኛ ሰኔ 24 እና ታኅሣሥ 23 ገደማ ማለት ነው። የቀረውን ሰው ስም ከዚያ በፊት ያላነሣ ክበብ ለሌለ ሰው ይከፍላል።

ራሱን የቻለ የአካባቢ ክበብ እነዚህ ሸክሞች የሉበትም። ደንቡን በአካባቢው ልማድ ይቀርጻል፤ መዋጮውን በብር፣ አልፎ አልፎም በእህል ወይም በጉልበት ይወስናል። ነገር ግን የመመዝገቡ ጉዳይ በራሱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩ ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በፌዴራል ደረጃ ይመዘገባሉ፤ በአማራ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ክበብ ጉዳዩን የሚጨርሰው በክልሉ ነው። የገንዘብ አያያዙ ጥርጣሬ እንዳያመጣ ምዝገባው ከአባላት ዘመቻ ይቅደም። ገንዘቡ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ውስጥ እያለ 20 አዲስ ሰው መጋበዝ ነገር መጋበዝ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከ15 ሰው በታች ከሆናችሁና ዓመታዊ መዋጮውን ሳይጨነቅ የሚከፍለው ሰው ከግማሽ በታች ከሆነ፣ ለሁለት ዓመት ራሳችሁን ችላችሁ ሥሩ። አርማው አይሸሽም።

የመግቢያ ክፍያና የእድር ልማድ

የጎጃም ሰው ማኅበር ሲያቋቁም የሚያውቀው አርአያ እድር ነው፤ ስለዚህ ክበብም ከፍ ያለ መግቢያ፣ የስም ጥሪ፣ የቅጣት ገንዘብ ይደነግጋል። የስም ጥሪው ጥሩ ነው፤ መግቢያውና ቅጣቱ ግን ለክበብ አይሆኑም። በእድር አዲስ ገቢ መግቢያ የሚከፍለው ቀድሞ የተጠራቀመ ነገር ስላለ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሰሃኑ፣ ድስቱ፣ ካዝና ውስጥ ያለው ብር። ነገ ሐዘን ቢደርስበት ተካፋይ ነው። በክበብ የሚካፈለው ሥራ ብቻ ነው። ለመሥራት የመጣን ሰው በር ላይ ማስከፈል ሥራ ፈላጊን ሳይሆን ስም ፈላጊን ያስገባል። ቅጣትም እንዲሁ፤ ከእድር የሚወጣ ሰው ቀባሪ ያጣል፣ ከክበብ የሚወጣ ሰው ምንም አያጣም፤ ስለዚህ ሲቀጣ ይወጣል። አነስተኛ ወርሃዊ መዋጮ፣ በቴሌብር ወይም በባንክ፣ ደረሰኙ በየወሩ ለሁሉም የሚታይ ቢሆን ይመረጣል።

መቼ?

ወሩን መምረጥ ከመንገዱ ያላነሰ ዋጋ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ ፍልሰታ፣ የመምህራን ዝውውር ናቸው፤ የዓለም አቀፎቹ የአገልግሎት ዓመት በዚሁ ወቅት መጀመሩ ለእኛ አይመችም። ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ስለሆኑ ከተማ የሚኖረውም ሰው ቢሆን ወደ ቤተሰቡ ማሳ ብቅ ይላል። ጥር ሠርግ ነው። የቀሩት ሁለት መልካም መስኮቶች ከመስቀል በኋላ ያለው ጥቅምትና ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። በጥቅምት ዝውውሩ አልቆ ማን በከተማው እንዳለ ይታወቃል፤ ከዝናብ በኋላ ወባ የሚበረታበት ወቅትም ስለሆነ፣ ቆላማ ቀበሌዎች አጠገብ ላሉ ክበቦች ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር የሚሠራ ሥራ አይታጣም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሰው ለመሰባሰብ ይቀለዋል፤ ምግብ የሚቀርብበት እንግዳ መቀበያ ማድረግም ያኔ ነው። በዐቢይ ጾም የምታደርጉት ከሆነ የጾም ምግብ ይሁን፤ ሰዓቱም ከቅዳሴ መውጫ ጋር ይስማማ።

ስለ ስብሰባ ድግግሞሽም ቢሆን ሳምንታዊ መሆን ግዴታ አይደለም። ሮታሪ ራሱ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ክበቦች በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰቡ ይፈቅዳል። አንዱን ለውይይት፣ አንዱን ለሥራ ብታደርጉት አዲሱ ሰው ከገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጁ አፈር ወይም ቀለም ይነካል።

ለእናንተ የትኛው?

ከ15 ሰው በታች ያለው ክበብ በሰው ይጥራ፤ የሙያ ዝርዝሩን ይዞ፣ በዓመት ከስድስት ሰው ባልበለጠ። ሁለት ጡረተኞችን ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ያድርግ። ዘመቻ አይሞክር፤ የመጣውን ሰው የሚቀበልበት እጅ የለውም።

ከ15 እስከ 40 ያለው በዓመት አንድ ዘመቻ ይችላል፤ የሚመለስበት ቀን ያለው ዘመቻ ግን ይሁን። ከተመዘገቡት ውስጥ ሁለት ጊዜ የተመለሱትን ብቻ ለአባልነት ይጋብዝ። ዩኒቨርሲቲ ካለበት ከተማ ከሆነ የተማሪዎችን ክበብ ለብቻው ያቋቁም።

ከ40 በላይ ያለው በአዲስ አባል ፍለጋ ከመድከሙ በፊት የሚገኘውን ሰው ይቁጠር። ከግማሽ በላይ የሚገኝ ከሆነ ወደ አጠገቡ ከተማ ሁለት ሰው ልኮ ስምንት ይፈልግ። ከግማሽ በታች ከሆነ ሥራውን በአራት ቡድን ይክፈል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ አነስተኛ በጀትና የመወሰን ሥልጣን ይስጥ፤ ሥራ አስፈጻሚውም ያንን ሥልጣን መልሶ አይንጠቅ።

በሦስቱም ሁኔታ ለአዲሱ ሰው አንድ ነባር አባል መድቡለት፤ ከተቻለ ከሌላ ሙያና ከሌላ ሰፈር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ሥራ አስፈጻሚው የሚጠይቀው ያንን ነባር አባል ነው፤ «ሰውየው ምን ሠራ?» ተብሎ። መልሱ «በሁለት ስብሰባ ተገኝቷል» ብቻ ከሆነ፣ የሚቀጥለውን አባል ከመጋበዛችሁ በፊት ለዚህኛው ሥራ ፈልጉለት።